«ጠመንጃው ይጥላል» እና ሌሎች የዒላማ ሜዳ ወሬዎች

ጎጃም ውስጥ የዒላማ ተኩስ ያስተማረ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሰማው አቤቱታ «ጠመንጃው ይጥላል» የሚለው ነው። ወደ ግራ ይጥላል፣ ወደ ታች ይጥላል፣ ጠዋት ይመታና ከሰዓት ይጥላል። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ብረቱ ነው፤ ተኳሹ ስቶ አያውቅም። ከሠራዊት በጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ወዲህ እንኳ አልተገላገልኩትም። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ጎኔ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ያቺ ምንሽር እኮ ትንሽ ወደ ግራ ትላለች» የሚለኝ አይጠፋም። በቃኝ፤ ጽፌ ላስቀምጠውና የሚጠይቀኝን ሁሉ «እሱን አንብብ» እለዋለሁ።

መጀመሪያ ጥቃቅኖቹን ላራግፋቸው።

«በርሜሉ የረዘመ አይስትም።» ርዝመት የጥይቱን ፍጥነት ይጨምራል፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያውን ስለሚያራርቅም የዐይን ስህተት ቶሎ ይታያል። ከዚያ ያለፈ ምስጢር የለውም። ለውድድር በሚያገለግለው 5.6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ጥይት ባሩዱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ጉልበቱን ጨርሷል።

«አንድ ዐይን ካልተጨፈነ አይነጣጠርም።» የተጨፈነ ዐይን ፊትን ያኮማትራል፣ ክፍቱንም ዐይን ያደክማል። በማያነጣጥረው ዐይን ፊት ትንሽ ወረቀት ጋርድበት፣ ሁለቱንም ክፈት።

«ትንፋሽህን ጥርቅም አድርገህ ያዝ።» ግማሹን አውጥተህ ለጥቂት ሰከንድ ጋብ ማድረግ ነው እንጂ መታፈን አይደለም። አሥር ሰከንድ ካለፈ ዐይን ይደበዝዛል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ አውርደህ እንደገና ጀምር። ማውረድ ሽንፈት የሚመስላቸው ጎበዞች ስንት ነጥብ እንደጣሉ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ደጋ ላይ ጥይት ይደክማል።» የተገላቢጦሽ ነው። ጮቄ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቱን የሚጎትተው ነገር ከዓባይ በረሃ ያነሰ ነው። ለማንኛውም በ10 ወይም በ50 ሜትር ዒላማ ላይ ልዩነቱን በዐይንህ አታየውም፤ የመሳትህ ምክንያት አታድርገው።

«ሴት ልጅ አይሆንላትም።» እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ፣ የሚወነጨፍ ሸክላ በሚመታበት የ«ስኪት» ውድድር ወንድና ሴት አብረው ተሰልፈው ወርቁን የወሰደችው ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ናት። በቀጣዩ ኦሊምፒክ ውድድሩ ለወንዶች ብቻ ተደረገ። እኔ ካስተማርኳቸውም ቶሎ የሚገባቸው ሴቶቹ ናቸው፤ «አያቴ አርበኛ ነበር» እያሉ አይከራከሩኝም፣ የተባሉትን ይሠራሉ።

አያት ከተነሳ አይቀር፣ «ጎጃሜ ሲወለድም ተኳሽ ነው» የሚለው አለ። የበላይ ዘለቀ አገር ሰው መሆን ያኮራል፤ ምላጭ ግን አይስብም። ሃንጋሪያዊው ካሮሊ ታካች እ.ኤ.አ. በ1938 የሚተኩስበትን ቀኝ እጁን የእጅ ቦምብ ሲያበላሽበት በግራው ከዜሮ ተማረና በ1948 እና በ1952 በፈጣን ሽጉጥ ተኩስ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ግራ እጁ ከማን ወረሰው?

«ወደ ሰማይ የተተኮሰ የትም ይቀራል።» የትም አይቀርም፤ ይወርዳል፣ ሲወርድም የራስ ቅል ለመብሳት የሚበቃ ጉልበት ሊኖረው ይችላል። ሠርግና ለቅሶ ላይ የሚተኩስ ሰው እኔ ጋ ለልምምድ አይመጣም፤ ብሎ ቢመጣም አልቀበለውም። ፈቃድ የሌለውንም እንዲሁ፤ የጦር መሣሪያ አዋጁን፣ ቁጥር 1177/2012ን፣ ለማስረዳት ጊዜ የለኝም።

አሁን ደግሞ የቱርኩ ተኳሽ ጉዳይ። ከፓሪስ ኦሊምፒክ በኋላ ልጆቹ ሁሉ አንድ እጃቸውን ኪስ ከትተው መቆም ጀመሩ። «ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ያለምንም ዕቃ ነው የመታው!» ይሉኛል። ዩሱፍ ዲኬች እ.ኤ.አ. በ2024 ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር የብር ሜዳሊያ አገኘ፤ እውነት ነው። ግን ሽጉጥ በአንድ እጅ ብቻ እንዲተኮስ ሕጉ ራሱ ያዛል፤ ትርፉን እጅ ኪስ መክተት ወይም ቀበቶ ላይ ማሳረፍ አካል እንዳይወዛወዝ የሁሉም ልማድ ነው። ጆሮው ውስጥ መድፈኛ ነበር። በእጁ የያዘውም ተራ ሽጉጥ ሳይሆን ለውድድር ብቻ የተሠራ መሣሪያ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ሰውዬው ከቤጂንግ 2008 ጀምሮ ለአምስተኛ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ መቆሙ ነበር። ልጆቹ ያዩት ኪሱን ነው።

«ታሰረብኝ» የሚለኝም አለ። በደብተራ አገር ተወልዶ ጠመንጃው እምቢ ሲለው ሰው ቢጠረጥር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከፍቼ ካየኋቸው «የታሰሩ» ጠመንጃዎች ያገኘሁት የደረቀ ዘይትና አቧራ ተቦክቶ መቺውን መርፌ ሲያንቀረፍፈው፣ የደከመ ሞላ፣ ወይም ጭስና እርጥበት ሲፈራረቅበት የኖረ ጥይት ነው። ድግምቱ በቤንዚን ታጥቦ ይለቃል። ይልቅ ጥይት ሲከሽፍ የምታደርገውን እወቅ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ድምፁ ከወትሮው ቀለል ብሎ «ፑፍ» ካለ ደግሞ ሁለተኛ እንዳትተኩስ፤ የጥይቱ እርሳስ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ጥይቱን አውጣ፣ በርሜሉ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጥ ምላጩን አትንካ።

ወደ ዋናው ልመለስ።

ጠመንጃ ይጥላል የሚል ሰው አንድ ነገር አያስተውልም፦ ብረት ሐሳቡን አይለውጥም። ማነጣጠሪያው የተዛባ ጠመንጃ ሁልጊዜ እዚያው የተሳሳተ ቦታ ይመታል። አምስቱን ጥይት ከማዕከሉ ግራ አንድ ሳንቲም የሚሸፍናቸው ቦታ ላይ ካሳረፈ ጠመንጃው ጤነኛ፣ አንተም ጤነኛ ናችሁ፤ ማነጣጠሪያውን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። አምስቱ እንደ ተዘራ ጤፍ ከተበተኑ ግን ማነጣጠሪያውን መነካካት ከንቱ ነው። የኛ ሰው ደግሞ አንድ ይተኩስና ሄዶ ያያል፤ ግራ ነው። ያዞራል። ሌላ ይተኩሳል፤ ቀኝ ነው። ይመልሳል። ለውድድር ሲዘጋጅ አብሬው የነበርኩ አንድ ወጣት ፖሊስ እንዲህ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ሲያዞር ውሎ፣ ማታ ላይ ብሎኑ ማለቂያው ደርሶ አልዞርም አለው። መጀመሪያ የነበረበት ቦታ ትክክል ነበር።

አምስት ተኩስ፤ አንዱንም ሳታይ፣ ምንም ሳትነካ፣ አንድ ቦታ አነጣጥረህ። ከዚያ የአምስቱን ቀዳዳዎች ስብስብ እይ። ማስተካከል ካለብህ የኋላ ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድልህ ወደምትፈልገው አቅጣጫ፣ የፊት ማነጣጠሪያ ወደ ተቃራኒው ይንቀሳቀሳል። የፊቱን ከፍ ስታደርግ ጥይቱ ይወርዳል። ይህን አገላብጦ የሚያደርግ ስንት «የሠላሳ ዓመት ተኳሽ» አይቻለሁ።

ከተበተነስ? መጀመሪያ ሰውየው ይመረመራል። የቀኝ እጅ ተኳሽ ጥይት ተበታትኖም ወደ ግራና ወደ ታች ካዘነበለ አብዛኛውን ጊዜ ጣቱ ምላጩን እየመነጨቀ ነው፤ ወይም ፍንዳታውን እየጠበቀ ትከሻው ቀድሞ ይገፋል። ይህን ለሰው ብትነግረው ይሳደባል እንጂ አያምንም። ስለዚህ አልከራከርም፤ ባሩድና ማቀጣጠያ የሌለው የማለማመጃ ጥይት ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅዬ፣ እሱ ሳያይ እኔ አጎርስለታለሁ። አንድ ጊዜ ከቢቸና በኩል የመጡ የተከበሩ ሰው፣ ምንሽራቸውን ከአባታቸው የወረሱ፣ በዚህ ፈተና ሲቀርቡ «ቀጭ» ብቻ ሲል አፈሙዙ አንድ ጋት ወደ መሬት ተደፋ። ፍንዳታ የለ፣ ምን የለ፤ ጠመንጃው በገዛ እጃቸው ነው የተደፋው። የቆመው ሁሉ አየ። እሳቸው ቀና ብለው «አየህ፣ እንዲህ ነው የምትጥለው» አሉኝ።

መድኃኒቱ አሰልቺ ነው። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ባረጋገጥከው መሣሪያ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ነጥብ ፊት ምላጭ መሳብ። የፊት ማነጣጠሪያው ከ«ቀጭ» በኋላም ካልተነቃነቀ ጣትህ ተምሯል። በ5.6 ሚሊ ሜትሩ ግን የማለማመጃ ቀለህ ሳይገባ አትሳብ፤ መርፌው የጥይት ማስቀመጫውን ጠርዝ ሊያበላሽ ይችላል። በሞላ የሚሠራውን የአየር ጠመንጃ ጭራሽ በባዶ አትተኩስ። የበዓል ሰሞን ፊኛ የሚያስመቱት ልጆች መሣሪያቸው ቶሎ የሚልፈሰፈሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አየሩን አግቶ ትራስ የሚያደርገው እርሳስ ስለሌለ ፒስተኑ ግድግዳውን ይደበድባል።

ሰውየው ፈተናውን ካለፈ ብቻ ብረቱ ይመርመር፤ ያኔም በርሜሉ አይደለም የሚቀድመው። የሰደፉና የአካሉ ብሎኖች ጠብቀዋል? ማነጣጠሪያው በጣት ሲገፋ ይነቃነቃል? ጥይቱ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ምርት ነው ወይስ ከየሰው የተለቃቀመ? የተለቃቀመ ጥይት ይዞ የሚያለቅስ ሰው ጆሮዬን አያገኝም። የእንጨት ሰደፍ ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና በርሜሉን በጎን ይገፋዋል፤ ሐምሌ ላይ የሳተው ታኅሣሥ ላይ ቢመታ አይግረምህ። ከዚያ የአፈሙዙን ጠርዝ በደማቅ ብርሃን እይ። ጥይቱ የመጨረሻ የሚነካው እሱን ነው፤ ጠመንጃን በአፈሙዙ ድንጋይ ላይ ማቆምና የብረት መወልወያ ከአፈሙዝ በኩል መሰንቀር የሚገድሉትም እሱን ነው። «ጠዋት ይመታል ከሰዓት ይጥላል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ፀሐይ ናት፤ የፊት ማነጣጠሪያውን በአንድ ጎኑ ስታበራው ዐይን የበራውን ጎን መሀል አድርጎ ይይዛል። በኩራዝ ጥላሸት አጥቁረው። ከእነዚህም በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ቀይር፤ ሦስቱን አንድ ላይ ቀይሮ የዳነ ሰው ምን እንዳዳነው አያውቅም። በርሜል በባላ እንጨት መሀል አስገብቶ «ላቀና» ያለውንም አውቃለሁ። ያን ጊዜ በእውነት መጣል ጀመረች።

ምርጫን በተመለከተ አጭር ነኝ። ክላሽ ጭቃና አሸዋ ሳይል እንዲሠራ ክፍሎቹ ላላ ተደርገው የተሠሩ መሣሪያ ነው፤ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ዒላማ ላይ የአሥሯ ነጥብ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ሁለቱን የሚያወዳድር ሰው የውድድሩን ደንብ አላነበበም። «ቀላሉ ይሻላል» የሚለውም ተሸክሞ ለሚጓዝ ነው፤ ቆሞ ለሚያነጣጥር ክብደት ያረጋጋል፣ ደንቡም ለአየር ጠመንጃ እስከ 5.5 ኪሎ ይፈቅዳል። ስትመርጥ ዐይንህን ጨፍነህ ጠመንጃውን ትከሻህ ላይ አድርግ፣ ጉንጭህን ሰደፉ ላይ ጣል፣ ከዚያ ግለጥ። ማነጣጠሪያው ዐይንህ ፊት ከሌለና አንገትህን ማጣመም ካለብህ ወይ ሰደፉ ይስተካከል ወይ ሌላ ፈልግ። ለምላጩ ግድ ይኑርህ፤ ለማነጣጠሪያ መነጽሩ ውበት አይኑርህ። ከገንዘብህ ግማሹን ለጥይት አስቀር፤ የተለያየ ምርት ሞክረህ በርሜልህ የወደደውን እስክታገኝ ድረስ አንዱንም በብዛት አትግዛ። ያገለገለ በታመቀ አየር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ስለ ጠመንጃው ሲያወራልህ አንተ ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸውን የአገልግሎት ዘመን አንብብ፤ ጊዜው ካለፈ የውድድሩ መሣሪያ ፍተሻ ላይ ይመልሱሃል።