የኖታሪ ኮሚሽን ማደስ ምንድን ነው? ግሬስ ፔሬድስ አለው?

ሰሞኑን አንድ ሰው በቪዲዮ ሲያስረዳ ሰማሁት። «የኖታሪ ላይሰንሳችሁ ኤክስፓየር ቢያደርግም አትደንግጡ፣ ቀስ ብላችሁ ታድሱታላችሁ፣ ግሬስ ፔሬድ አለው» ይላል። ቀኑ ካለፈ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መሥራት ይፈቀዳል ማለቱ ነው። ከስር «ተባረክ ወንድሜ» የሚል አስተያየት ተደርድሯል። ኧረ በሕግ! ይህን ሰምቶ ማህተሙን የሚመታ ሰው ይኖራል። ዳፋው ደግሞ የሚያርፈው ኖታሪው ላይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ቤቷን ለማሸጥ ለወንድሟ ውክልና የሰጠችው ሴትዮ ላይም ነው።

ኖታሪ ፈራሚው ማን እንደሆነ አይቶ ፊርማውን በማህተሙ የሚያረጋግጥ ሹመኛ ነው። ከዚያ በላይ ማብራራት አልፈልግም፤ ይህን የሚያነብ ሰው ቢያንስ አንዴ ፊቱ ቆሞ ፈርሟል። የማወራው አሜሪካ ውስጥ ስላለችው ቨርጂኒያ ነው፤ የምሠራው እዚያ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። የዲሲው የሹመት ዘመን ለምሳሌ 5 ዓመት ነው፣ የቨርጂኒያው 4። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወዳጃችሁ የነገራችሁ ነገር ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ዋናው ነገር ይኸውላችሁ። ኮሚሽን ሹመት ነው፣ ያውም ዘመን ያለው ሹመት። «ማደስ» የምንለው የድሮውን ሹመት ማራዘም አይደለም። የድሮው በቀኑ ይሞታል። እናንተ የምትጠይቁት አዲስ ሹመት ነው።

የእድር ሊቀመንበር አስቡ። ጋሼ እገሌ ለተወሰነ ዘመን ተመርጠዋል። ዘመናቸው አለቀ። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሰው ይወዳቸዋል፣ የእድሩ ማህተምም አሁንም ቤታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ግን ጠቅላላ ጉባኤው እንደገና እስኪመርጣቸው ድረስ ሊቀመንበር አይደሉም። በማግስቱ ያንን ማህተም አውጥተው ደብዳቤ ላይ ቢመቱ፣ ቀለሙ ያው ቀለም ነው፣ ደብዳቤው ግን የእድሩ አይደለም። በሥልጣን ላይ ሳሉ የፈረሙት ቼክስ? እሱ ደህና ነው። ዘመናቸው ስላለቀ ዓምና የተገዛው ድንኳን አይመለስም።

ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። በእድር «ባሉበት ይቀጥሉ» ተብሎ በጭብጨባ ያልፋል። ቨርጂኒያ አያጨበጭብም።

ድንኳኑን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። ከግሬስ ፔሬዱ ወሬ እኩል የሚያናድደኝ ሁለተኛ ስህተት አለ። በቅርቡ አንዲት እናት የፈረሙትን ውክልና ይዘው መጡ። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው «ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል፣ እንደገና ይሠራ» ብሏቸዋል። ወረቀቱን አየሁት። ከፊርማቸው በታች የኖታሪው ስም፣ የምዝገባ ቁጥሩ፣ ከዚያም ኮሚሽኑ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። ያ ቀን ባለፈው ወር አልፏል። ሰውየው ያየው እሱን ነው። «እትዬ፣ ውክልናው ደህና ነው። ያለፈው የኖታሪው ዘመን ነው እንጂ የእርስዎ ወረቀት አይደለም» አልኳቸው። አላመኑኝም። እውነቴን ነው፣ በዓይናቸው ያዩት ቀን ነዋ።

ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። በተፈረመበት ዕለት ኖታሪው ሹመት ላይ ነበር ወይ? ከነበረ፣ በማግስቱ ዘመኑ ቢያልቅም ሰነዱን አይነካውም። ካልነበረ፣ በሳምንቱ አዲስ ሹመት ቢያገኝም አያድነውም። አዲሱ ሹመት ወደ ኋላ አይሄድም። (ውክልናው ራሱ በሌላ ምክንያት ሊያበቃ እንደሚችል አትርሱ። የሰጠው ሰው ከሻረው ወይም ከሞተ ሌላ ነገር ነው። የተለየ ጊዜ ገደብ ተጽፎበትም ይሆናል። ይህ ግን የጠበቃ ጥያቄ ነው፣ ኖታሪ ጠበቃ አይደለም፤ እኔም አይደለሁም።)

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። «4 ዓመት» ሲባል ብዙ ሰው ከተሾመበት ቀን ይቆጥራል። ቨርጂኒያ ግን እንዲህ አይቆጥርም። ሹመቱ የሚያበቃው በአራተኛው ዓመት፣ በተወለዳችሁበት ወር የመጨረሻ ቀን ነው። ፌብሩዋሪ የተወለደ ሰው ኖቬምበር 2022 ቢሾም፣ ዘመኑ የሚያልቀው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026 ነው። ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ማለት ነው። ኖቬምበርን የሚጠብቅ ሰው ወራት ሙሉ ያለ ሹመት ማህተም ሲመታ ይከርማል።

እኛ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ስንቶቻችን ነን ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለድን? ሰኔ ውስጥ ኬክ የሚቆርስ ሰው ዘመኑ ጃንዋሪ 31 ሊያልቅ ይችላል። ለመንግሥት ልደታችሁ ማመልከቻው ላይ የሞላችሁት ነው። ኮሚሽኑን አውጡና የተጻፈውን ቀን አንብቡ፣ በጭንቅላታችሁ አታስሉ።

«ኦንላይን ሞልቼ ከፍያለሁ፣ ታደሰልኝ» የሚለውም ብዙ ነው። አልታደሰም። ማመልከቻው 45 ዶላር ነው፣ ከዚያ ሪችመንድ ያለው፣ ኖታሪዎችን የሚሾመው የሴክሬተሪ ኦፍ ዘ ኮመንዌልዝ ቢሮ አይቶ ኮሚሽኑን ያወጣል። የሚላከው ግን ለእናንተ ሳይሆን ለአካባቢው ፍርድ ቤት (ሰርኪዩት ኮርት) ነው። መታወቂያችሁን ይዛችሁ በአካል ትሄዳላችሁ፣ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ (ክለርክ) 10 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ቀኝ እጃችሁን አንስታችሁ ትምላላችሁ። ሹመቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ለዚህ ያላችሁ ጊዜ ኮሚሽኑ ከወጣበት ቀን 60 ቀን ነው። ካለፈ እንደገና ከዜሮ፣ 45ቱም እንደገና።

60 ቀን ሲሉ ሰምቶ «ይኸው ግሬስ ፔሬዱ!» የሚል አይጠፋም። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውም ከዚህ ያመጣው ይመስለኛል። 60 ቀኑ ለመማል የተሰጠ ጊዜ ነው። ያለ ሹመት ለመሥራት የተሰጠ አይደለም። የድሮው አልቆ አዲሱን ካልማላችሁ በመሀል ያለው ጊዜ ባዶ ነው፣ ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። እያወቁ በዚያ ጊዜ መፈረም ለወንጀል ክስ ሊዳርግ ይችላል። ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ መጻፍማ ከዚያ የባሰ ነው። ለዘመድ ተብሎም አይደረግም።

ያለ ሹመት የተመታ ማህተም ደግሞ የሚያዘው ዘግይቶ ነው። ለኢትዮጵያ የሚሄድ ሰነድ ሪችመንድ ሲረጋገጥ፣ ኖታሪው በተፈረመበት ቀን ሹመት እንደነበረው ከመዝገብ ይታያል። ከሌለው ይመለሳል። ባለጉዳዩ ያን ጊዜ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጧል፣ ገዢው አዲስ አበባ ላይ እየጠበቀ ነው፣ ኖታሪው ስልክ አያነሳም። ሰነዱን በአዲሱ ቀን መጠጋገን አይቻልም፤ ፈራሚው ሹመት ያለው ኖታሪ ፊት ቀርቦ እንደገና ማስፈጸም አለበት።

ቨርጂኒያ ውስጥ መዘግየት የሚያስከፍለው ባዶውን ጊዜ ነው። ሌላ ቦታ ዋጋው ይለያል። ካሊፎርኒያ ዘመኑ ሳያልቅ የሚያመለክት ኖታሪ የ3 ሰዓት ትምህርት ይበቃዋል። ካለፈበት 6 ሰዓት ነው። ፈተናው በሁለቱም አይቀርም። ፔንሲልቬንያ ደግሞ ሹመት ላይ ያለ ሰው ለማደስ ፈተና አይቀመጥም፣ ካለቀበት ግን እንደ አዲስ ሰው ይፈተናል። ካሊፎርኒያ የ15,000፣ ቴክሳስ የ10,000 ዶላር ቦንድም (የዋስትና ሰነድ) ይጠይቃሉ፣ እሱም ለአዲሱ ዘመን አዲስ ነው። ቦንድ ኖታሪውን የሚጠብቅ ኢንሹራንስ የሚመስላችሁ አላችሁ። አይደለም። የሚጠብቀው የተጎዳውን ባለጉዳይ ነው፤ ቦንድ ሰጪው የከፈለውን ከኖታሪው ይጠይቃል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። የቨርጂኒያ ኖታሪ ለአንድ ፊርማ እስከ 10 ዶላር ነው የሚበላው፣ እና ብዙ የሚቆጭ ነገር የለም። ያም ሆኖ ዘመናችሁ የሚያልቅበት ወር ሲቃረብ ቀድማችሁ አመልክቱ። ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት መድረሱን ሲነግሯችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱና ማሉ። የሚያበቃበት ቀን ማህተማችሁ ላይ ከተቀረጸ አዲስ ማህተም አሠሩ፣ አሮጌውን ሰባብራችሁ ጣሉት።