ሰዓቱ «95» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ድሬ፣ ከዚራ ሻይ እየጠጣን ጓደኛዬ ስማርት ሰዓቱን አሳየኝ። «ኦክስጅን 95 ይላል፤ 5ቱ የት ሄደ?» ደንግጧል።

የሄደ ነገር የለም። ቁጥሩ የሚነግረን ደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን) ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደተሸከመ ነው። ከ100 ባጃጅ 95ቱ ሰው ጭነዋል፣ 5ቱ ባዶ ናቸው እንደማለት።

ሰዓቱ ቀይና ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ) ብርሃን ቆዳ ላይ ያበራና የሚመለሰውን ይለካል። ላላ ካለ ወይም እጅ ከቀዘቀዘ ይሳሳታል። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ጥቁር ሂናም ሊያሳስተው ይችላል፤ የሠርግ ሰሞን ልብ በሉ!

ከፍታም ቁጥሩን ያወርዳል። አንታርክቲካ ያለው ኮንኮርዲያ ጣቢያ 3,233 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ለሚከርሙት ዝቅ ያለ ቁጥር ብርቅ አይደለም። ድሬ ግን 1,200 ገደማ ናት። እዚህ ደጋግሞ ከ90 በታች ካሳየ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ሐኪም ጋ ነው።

ጓደኛዬ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገው። 97።