«ሙገን ትሬይን»፦ አንድ ሌሊት ባቡር ላይ

ከአኒሜ (ከጃፓን የካርቱን ሥራ) ተከታታይ የሚወጡ ፊልሞች ብዙ ጊዜ አንድ ችግር አለባቸው። ከዋናው ታሪክ ጋር አይገናኙም። ጀግኖቹ የሆነ ቦታ ይሄዳሉ፣ አዲስ ጠላት ይገጥማቸዋል፣ አሸንፈው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ቴሌቪዥን ላይ ስታዩዋቸው ያን ጉዞ የሚያነሳው የለም። «ዲመን ስሌየር፦ ሙገን ትሬይን» እንደዚያ አይደለም። ተከታታዩ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የታሪኩን አንድ ምዕራፍ ራሱን ይዞ ሲኒማ ይገባል። ዘላችሁት ወደ ቀጣዩ ክፍል ከሄዳችሁ ልጆቹ ለምን እንደተሰበሩ አይገባችሁም። (መጨረሻውን እናገራለሁ፤ ያላያችሁት መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ።)

መነሻው ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ ነው። ኮዮሃሩ ጎቶጌ በሚል የብዕር ስም የሚታወቁት ደራሲ ከ2016 እስከ 2020 በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ላይ አወጡት፣ በ23 ቅጽ አለቀ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ የሚሆነው በጃፓን ታይሾ ዘመን ነው፣ ከ1912 እስከ 1926 ባለው፤ ኪሞኖና ባቡር፣ ሰይፍና የኤሌክትሪክ መብራት አንድ ላይ የሚታዩበት ጊዜ። ታንጂሮ ከሰል እየሸጠ ቤተሰቡን የሚረዳ ልጅ ነው። አንድ ቀን ከሰል ሊሸጥ ወርዶ እዚያው ያድራል። ሲመለስ ቤተሰቡ በጋኔን አልቋል። የተረፈችው እህቱ ኔዙኮ ብቻ ናት፣ እሷም ጋኔን ሆናለች፣ ግን ሰው አትበላም። እሷን ወደ ሰውነቷ ለመመለስ ሲል አጋንንት ገዳዮች ጋር ይቀላቀላል።

ዩፎቴብል የተባለው ስቱዲዮ ይህን በ2019 በ26 ክፍል ለቴሌቪዥን ሠራው። ነሐሴ ላይ የወጣው 19ኛው ክፍል ነው ነገሩን ያፈነዳው፤ በእጅ የተሳለውና በኮምፒውተር የተሠራው እንዲህ ሲዋሃድ ያላየ ሰው ሁሉ ስለሱ ማውራት ጀመረ። 26ኛው ክፍል ታንጂሮና ጓደኞቹ ባቡር ላይ ሲሳፈሩ ያልቃል። ቀጣዩን ለማየት ሲኒማ መግባት ግድ ሆነ።

ፊልሙ ጃፓን ውስጥ የወጣው በኦክቶበር 16፣ 2020 ነው። ዳይሬክተሩ ሃሩኦ ሶቶዛኪ ናቸው፣ ተከታታዩንም የመሩት። ርዝመቱ 117 ደቂቃ ነው። ባቡሩ ላይ ከ40 በላይ ሰዎች ጠፍተዋል፤ ታንጂሮ፣ ኔዙኮ፣ ጓደኞቹ ዜኒትሱና ኢኖሱኬ እዚያ ያለውን ኪዮጁሮ ሬንጎኩን ሊያግዙ ይሳፈራሉ። ሬንጎኩ «የነበልባል ምሰሶ» ነው፤ ምሰሶ የሚባሉት ከገዳዮቹ ሁሉ የበረቱት ናቸው። መጀመሪያ ስታዩት የምግብ ሳጥን ከፊቱ ከምሮ፣ በየጉርሻው «ጣፋጭ ነው!» እያለ ይጮሃል። እብድ ሊመስላችሁ ይችላል። ቆዩ ብቻ።

«ሙገን» የሚለው ቃል ማለቂያ የሌለው ማለት ነው። በጃፓንኛ ግን በሌላ ፊደል ሲጻፍ፣ ድምፁ ሳይቀየር፣ ህልምና ቅዠት ማለትም ይሆናል። ፊልሙ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ጋኔኑ ኤንሙ ደሙን የቲኬቱ ቀለም ውስጥ ቀላቅሎታል። ትኬት ቆራጩ ሲበሳው ተሳፋሪው ሁሉ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ እያንዳንዱም የሚመኘውን ህልም ያያል።

የታንጂሮ ህልም ለኔ የፊልሙ ልብ ነው። በረዶ ነው። ከሰሉን ሽጦ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ታናናሾቹ ሮጠው ይቀበሉታል፣ እናቱ በህይወት አለች፣ ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ህልም መሆኑ ሲገባው ለመንቃት የራሱን አንገት መቁረጥ እንዳለበት ይረዳል። ከዚያ በፊት ግን ቤቱን ጥሎ መሄድ አለበት፣ ወንድሙ ከኋላው እንዳይሄድ እያለቀሰ እየለመነው፣ እሱ ዞር ሳይል። ማንም ሰይፍ አልመዘዘም፣ ግን ከፊልሙ ፍልሚያዎች ብዙዎቹ ይህን ያህል አይከብዱም። ሌላም አለ። ኤንሙ ጥሩ ህልም እሰጣችኋለሁ ብሎ ያሰማራቸው ምስኪን ሰዎች አሉ፣ የገዳዮቹን ነፍስ ከውስጥ እንዲሰብሩ። የታንጂሮ ነፍስ የደረሰው ሳንባ ነቀርሳ ለያዘው ወጣት ነው። ልጁ ውስጡ ሲገባ የሚያገኘው ሰፊ፣ ሞቅ ያለ ሰማያዊ ሰማይ ነው፤ ሊሰብረው አልቻለም፣ ቆሞ ያለቅሳል።

መካከሉ ላይ ኤንሙ ከባቡሩ ጋር ይዋሃዳል፣ ከ200 በላይ ተሳፋሪ ሆዱ ውስጥ ሆነ ማለት ነው። ስምንት ፉርጎ ነው ያለው፤ ሬንጎኩ ለብቻው አምስቱን ይጠብቃል። እዚህ ጋ የጋኔኑ ሥጋ በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑ በደንብ ይታወቃል፣ ከተቀረው ስዕል ጋር አልሰመረም። ዜኒትሱም አንዳንዴ ጩኸቱ ይበዛል።

ሁሉም ያለቀ ሲመስል አካዛ ከየት መጣ ሳይባል ከተፍ ይላል፣ ከአጋንንቱ ሦስተኛው ብርቱ። ሬንጎኩን ጋኔን ሁን፣ አታረጅም፣ አትሞትም ይለዋል። ሬንጎኩ እምቢ ይላል፤ ሰው የሚያምረው የሚያረጅና የሚሞት ስለሆነ ነው ብሎ። ሆዱ ተበስቶ እንኳ የአካዛን እጅ ይዞ አልለቅም ይላል፣ ፀሐይ እስክትወጣ። አካዛ እጆቹን ቆርጦ ጫካ ይገባል። ታንጂሮ ከኋላው እየጮኸ ይሰድበዋል፦ ሬንጎኩ አልተሸነፈም፣ አንድ ተሳፋሪ አልሞተበትም። ሬንጎኩ ልጅ ሳለ እናቱ ጠንካራ ሆኖ የተወለደ ደካማውን የመርዳት ግዴታ አለበት ብላ ነግራው ነበር። ሲሞት የሚያየው እሷን ነው፣ ፈገግ ይላል።

ገንዘቡንም ልንገራችሁ። በሦስት ቀን 4.6 ቢሊዮን የን፣ በአሥር ቀን ከ10 ቢሊዮን በላይ። በ73ኛው ቀን ከ2001 ጀምሮ የጃፓንን ሪከርድ ይዞ የቆየውን የሃያኦ ሚያዛኪን «ስፒሪትድ አዌይ» አለፈ፤ በመጨረሻ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገባ። ኮሮና የሆሊውድን ፊልሞች ስላራዘመ ሲኒማ ቤቶቹ ባዶ ነበሩ፣ ይህ ረድቶታል፤ ቶኪዮ፣ ሺንጁኩ ያለው አንድ ሲኒማ ቤት በመጀመሪያው ቀን 42 ጊዜ አሳይቶታል። ግን ባዶ አዳራሽ ብቻውን ሰው አያመጣም። ማንጋው ያለቀው በዚያው ዓመት ግንቦት ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ወሬው ላይ ነበር። አሜሪካ በ2021 ሚያዝያ ሲገባም በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ።

በዚያው 2020 ኖቬምበር የኪዩሹ ባቡር ድርጅት 58654 የተባለውን እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር «ሙገን» የሚል ሰሌዳ ለጥፎበት ከኩማሞቶ ወደ ሃካታ አስኬደው። ባቡሩ የተሠራው በ1922 ነው፣ በታይሾ ዘመን ራሱ። የፊልሙ መዝጊያ ላይ ዘፋኟ ሊሳ የምትዘፍነው «ሆሙራ»፣ ነበልባል ማለት ነው፣ የ2020ን የጃፓን ሪከርድ ሽልማት ወስዷል። ስሞቹ ሲያልፉ ቶሎ አትነሱ፣ ዘፈኑ ለሬንጎኩ ነው።

ማየት ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ 26ቱን ክፍል ጨርሱ፣ ያለዚያ ፊልሙ ግራ ያጋባችኋል። በ2021 ፊልሙ በሰባት ክፍል ተቆራርጦ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቧል፤ የመጀመሪያው ክፍል አዲስ ነው፣ ሬንጎኩ ባቡሩ ላይ ከመሳፈሩ በፊት ያለውን ያሳያል። እኔ ያንን አንድ ክፍል አይታችሁ ከዚያ ፊልሙን ሳትቆርጡ በአንድ ቁጭታ ብታዩት ነው የምመርጠው።