የትብብር ሒሳብ፦ የዝግመተ ለውጥ ሞዴሎች ከጎጃም ወንፈል ጋር

በምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም። ዝናብ ይመታዋል፣ ይረግፋል። ስለዚህ ጎረቤታሞች ወንፈል ይገባሉ። ዛሬ ያንተን እናጭዳለን፣ ነገ የእኔን። ደቦ ደግሞ ሰፋ ይላል፤ ባለቤቱ እንጀራና ጠላውን ያሰናዳል፣ አገሬው ይወጣለታል።

ታዲያ የእኔ ከታጨደ በኋላ ወዳንተ ማሳ ለምን እመጣለሁ? የሥነ ሕይወት ሰዎች ይህንኑ ስለ ንብም ስለ ባክቴሪያም ይጠይቃሉ። የተፈጥሮ ምርጫ ብዙ ዘር የሚተካውን የሚያበዛ ከሆነ፣ ለሌላው የሚደክም ፍጡር እንዴት እስከ ዛሬ ዘለቀ? ሞዴሎቹ መልሱን በቀመር ይፈልጋሉ።

በቁጥር እንየው። የመርዳት ወጪ 1፣ የተረጂው ጥቅም 3 ይሁን። ከተረዳዳን ለየራሳችን 2 ይተርፈናል። ሁለታችንም ከቀረን 0 ነው። አንተ መጥተህ እኔ ከቀረሁ እኔ 3 አገኛለሁ፣ አንተ 1 ትከስራለህ። የምንገናኘው አንዴ ብቻ ከሆነ፣ አንተ ምንም ብታደርግ ለእኔ መቅረት ያዋጣኛል። ሁሉም ከሁሉም ጋር በዘፈቀደ በሚገናኝበት ሕዝብ ውስጥ ተባባሪው እየመነመነ ይጠፋል። የእስረኞች አጣብቂኝ የሚሉት ይህን ነው።

የሥነ ሕይወት ሊቁ ዊልያም ሃሚልተን በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንድ መውጫ አሳየ። የዝምድናው መጠን፣ ማለትም ሁለቱ በዘር ውርስ የሚጋሩት ድርሻ፣ በጥቅሙ ተባዝቶ ከወጪው ከበለጠ ትብብር ይስፋፋል። የወንድም ዝምድና 1/2 ነው፤ በእኛ ቁጥር 1.5 ይመጣል፣ ያዋጣል። የአጎት ልጅ 1/8 ነው፤ አያዋጣም። የጎጃም ቀፎ ውስጥ ሠራተኛዋ ንብ ራሷ ከመውለድ ይልቅ የእናቷን ልጆች ታሳድጋለች። ድንጉላ (ወንዱ ንብ) ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያንኑ አንድ ውርስ ስለሚሰጥ፣ ንግሥቲቱ ከአንድ ድንጉላ ብቻ ብትዳቀል እህትማማቾቹ 3/4 ይዛመዱ ነበር። የማር ንብ ንግሥት ግን ከብዙ ድንጉላ ጋር ስለምትዳቀል አማካዩ ዝቅ ይላል። ሦስት አራተኛዋን ብቻ ይዞ የቀፎን ነገር ሁሉ እፈታለሁ ማለት ስህተት ነው።

ወንፈልን የሚመስለው ግን ሮበርት ትራይቨርስ በ1971 ያነሳው የእርስ በርስ ብድር ነው። እዚህ ላይ ልብ ይባል፤ ወንፈል ልማድ ነው፣ በደም አይወረስም። ሒሳቡ ግን ይመሳሰላል። ዳግም የመገናኘት ዕድል ወጪው ለጥቅሙ ሲካፈል ከሚሰጠው ከበለጠ ብድር መመለስ ይጸናል። በእኛ ቁጥር ከ1/3 በላይ ማለት ነው። አንድ ቀበሌ ተወልደው አንድ ቀበሌ የሚያረጁ ሰዎች ይህን በቀላሉ ያልፉታል። ሮበርት አክስልሮድ የእስረኞችን አጣብቂኝ ደጋግመው በሚጫወቱ ፕሮግራሞች መካከል ባዘጋጃቸው ሁለት የኮምፒውተር ውድድሮችም ያሸነፈው አናቶል ራፖፖርት የላከው አጭር ደንብ ነው፦ መጀመሪያ ተባበር፣ ከዚያ የተደረገብህን አድርግ።

ይህ ደንብ አንድ ሕመም አለበት። ጎረቤትህ ታሞ ቢቀር እንደ ክህደት ይቆጥረዋል፣ ቂሙም አያልቅም። ማርቲን ኖዋክና ካርል ሲግመንድ በ1992 ይቅር ባይ የሆነው ዓይነት እንደሚሻል አሳዩ። በእኛ ቁጥር ሳይሆን በአክስልሮድ ውድድር የነጥብ አሰጣጥ፣ ከሦስት በደል አንዱን ገደማ የሚያልፍ ነው። እኔ ከሁሉም ይህን ውጤት እወደዋለሁ።

እነዚሁ ሁለቱ በ1998 ስምን ወደ ሒሳቡ አስገቡ። ያልረዳኸኝ ሰው ብትሆንም ሌላውን መርዳትህን ከሰማሁ እረዳሃለሁ። ከቅዳሴ መልስ፣ በሰንበቴና በገበያ ወሬ በሚዞርበት አገር ደቦ ቀሪ አይደበቅም።

የመጨረሻው ጎረቤትነት ነው። በ2006 የታተመ ሥራ፣ ጥቅሙ ለወጪው ሲካፈል ከጎረቤቶች ቁጥር ከበለጠ ትብብር እንደሚያሸንፍ አሳይቷል፤ ይህ የተፈጥሮ ምርጫው ጫና ደካማ ሲሆን፣ የሞተውን ቦታ ከጎረቤቶቹ የአንዱ ዘር በሚተካበት ሥርዓት የሚሠራ ነው። አራት ጎረቤት ላለው የእኛ 3 አይበቃም። ጤፉ ሊረግፍ በደረሰበት ሳምንት ግን የአንድ ቀን እጅ ጥቅሙ ከ3 በብዙ ይበልጣል።