የመግነጢስ ዋልታ መገልበጥ ምንድን ነው?

ስልካችሁ ላይ ያለውን ኮምፓስ ክፈቱ። ቀስቷ ትንሽ ተወዛውዛ ሰሜን ላይ ትቆማለች። ከ800,000 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ያችው ቀስት ወደ ደቡብ ነበር የምትጠቁመው።

ከእግራችን ስር 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን ብናይ የቀለጠ ብረት ባሕር አለ። ብረቱ ሲንተከተክና ሲዘዋወር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ምድርን የሚከብ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ከፀሐይ የሚወረወሩብንን ቅንጣቶች የሚመክትልን ይሄ መስክ ነው። ብረቱ አርፎ ስለማይቀመጥ መስኩም አያርፍም። ሰሜናዊው መግነጢሳዊ ዋልታ በ1831 እ.ኤ.አ. ሲገኝ ካናዳ ነበር፤ ዛሬ ወደ ሳይቤሪያ እያቀና ነው። አንዳንዴ ደግሞ መስኩ ይዳከምና ሰሜንና ደቡቡ ቦታ ይለዋወጣሉ። መገልበጥ የሚባለው ይህ ነው። ባንድ ሌሊት የሚሆን ነገር አይደለም፣ ሺህ ዓመታት ይፈጃል።

ማስረጃው እኛው ጋ፣ አፋር ውስጥ አለ። የእሳተ ገሞራ ዐለት ሲቀዘቅዝ፣ ደለልም ሲረጋ፣ ውስጡ ያሉት ብረት አዘል ቅንጣቶች የዘመናቸውን ሰሜን እንደያዙ ይቀራሉ። ጎና ላይ እነ ዶ/ር ስለሺ ሰማው ያገኟቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው ከታወቀባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። በዚያ አካባቢ ደለል ውስጥ ዘመኑ የሚታወቅ የአንድ መገልበጥ አሻራ ተገኝቷል።

ሰውስ? ቲክቶክ ላይ «ዋልታው ሊገለበጥ ነው፣ አለቀልን» የሚል አይጠፋም። ለኔ አልተዋጠልኝም። ድንቅነሽ ከኖረችበት ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ዋልታው ስንትና ስንት ጊዜ ተገልብጧል፤ ዘራችን ግን ይኸው አለ። መስኩ ራስ ምታት ያመጣል ቢባልም ማሳበብ ይከብዳል። ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ስንተኛ ከምድር መስክ 30,000 ጊዜ ገደማ የሚበልጥ መግነጢስ ውስጥ ነን፤ ከዚያ ተነስተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

የሚያሰጋው ለዕቃው ነው። ደቡብ አትላንቲክ ላይ መስኩ ሳስቷል፤ ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በዚያ ሰማይ ሲያልፍ ሥራውን ያቋርጣል። በመጋቢት 1989 እ.ኤ.አ. ከፀሐይ የተነሳ ማዕበል መስኩን ሲያናውጠው ደግሞ ካናዳ፣ ኩዊቤክ ውስጥ 6 ሚሊዮን ሰው መብራት ጠፍቶበት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ቆየ። ልብ በሉ፣ ያኔ መስኩ ደህና ጉልበት ነበረው። በመገልበጥ ጊዜ ግን ወደ አንድ አስረኛ ሊወርድ ይችላል።