ማይሌጅ ሬት ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ በግሉ የሚሠራ ሰው ለሥራ የነዳውን የመኪና ወጪ ከገቢው ላይ ለማስቀነስ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የቤንዚኑን፣ የጥገናውን፣ የጎማውን፣ የኢንሹራንሱን ደረሰኝ ዓመቱን ሙሉ ሰብስቦ የሥራውን ድርሻ ማስላት ነው። ሌላው፣ አብዛኛው የኡበርና የሊፍት ሹፌር የሚመርጠው፣ ስታንዳርድ ማይሌጅ ሬት ነው፤ የአሜሪካ የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ለአንድ ማይል የሚወስነው ሒሳብ። በ2024 67 ሳንቲም፣ በ2025 70 ሳንቲም ነበር፤ በ2026 72.5 ሆኗል። የሚታየው መኪናው የተነዳበት ዓመት ነው እንጂ ታክሱ የተሠራበት አይደለም።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሬቱ ቤንዚንን፣ ዘይትን፣ ጎማን፣ ኢንሹራንስንና የመኪናውን ማርጀት ሁሉ ይዟል። ማይሉን አስይዞ የቤንዚን ደረሰኝም የሚጨምር ሰው አንዱን ወጪ ሁለቴ ቆጠረ ማለት ነው። ከሬቱ ውጭ የሚጨመሩት ለሥራ የተከፈለ ፓርኪንግና ቶል (የመንገድ ክፍያ)፣ እንዲሁም ከመኪናው ብድር ወለድ ላይ የሥራው ድርሻ ናቸው። የትራፊክ ቅጣት በየትኛውም መንገድ አይገባም።

ሁለተኛው ስሕተት ገንዘቡን እንደ ሪፋንድ ማየት ነው። በ2025 30,000 ማይል ለሥራ የነዳ ሹፌር 21,000 ዶላር ያስቀንሳል። ያ ገንዘብ እጁ አይገባም፤ ታክስ ከሚቆረጥበት ትርፍ ላይ ይነሣለታል። በቂ ትርፍ ካለው ከሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ (በግሉ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከሚከፍለው) ብቻ 2,967 ዶላር ገደማ ይቀርለታል (ከ21,000ው 92.35 በመቶው ተወስዶ በ15.3 በመቶ ሲሰላ)፤ የኢንካም ታክሱ ቅናሽ ሌላ ነው።

ለሹፌር ተሳፋሪ የጫነበት ማይል ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ አፑን ከፍቶ ጥሪ እየጠበቀ፣ ተሳፋሪ ሊያነሣ የነዳውም ይገባል። ከቤት ወደ ቋሚ የሥራ ቦታ መመላለስ ግን፣ መንገዱ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ የግል ጉዞ ነው።

በደብሊው-2 (አሠሪው ታክሱን ከደሞዙ እየቆረጠለት) የሚሠራ ተቀጣሪ፣ ከጥቂት ልዩ ሙያዎች በስተቀር፣ ከ2018 ጀምሮ ይህን ከፌዴራል ታክሱ ማስቀነስ አይችልም። ከአንዱ ታካሚ ቤት ወደ ሌላው የምትነዳ የሆም ኬር ሠራተኛ መጠየቅ ያለባት አሠሪዋን ነው። አሠሪው እስከ ሬቱ ድረስ ቢከፍላት ገንዘቡ ታክስ የለበትም፤ ይህ የሚሆነው ግን ቀኑን፣ ቦታውንና ምክንያቱን ጽፋ በ60 ቀን ውስጥ ካስረከበች ነው። ያለ ምንም መዝገብ በየወሩ 300 ዶላር ቢሰጣት እንደ ደሞዝ ይቆጠርና ታክስ ይቆረጥበታል። ካሊፎርኒያና ኢሊኖይ ውስጥ ለሥራ የወጣን ወጪ መመለስ የአሠሪው ግዴታ ነው።

መዝገቡ ቀላል ነው፤ የሚከብደው በየቀኑ መያዙ ነው። እንጀራ ለሱቆች የምታደርስ ሴት ደብተር ላይ አንዱ መስመር እንዲህ ይሆናል፦ «ማርች 4፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሮክቪል፣ እንጀራ ለማድረስ፣ ከ61,204 እስከ 61,216፣ 12 ማይል»። ጃንዋሪ 1 እና ዲሴምበር 31 ላይ የማይል ቆጣሪውን ፎቶ ማንሣትም ይጠቅማል፤ የታክስ ፎርሙ የሥራውንና የግሉን ማይል ለይቶ ይጠይቃል። ኤፕሪል ላይ ቁጭ ተብሎ በግምት የተሞላ ደብተር፣ ቁጥሩ ሁሉ በዜሮ ሲያልቅ፣ ራሱን ያጋልጣል።

ምርጫው የሚወሰነው መኪናው ሥራ በጀመረበት ዓመት ነው። ያኔ ሬቱን የመረጠ በኋላ ወደ ደረሰኙ መዞር ይችላል፤ በደረሰኝ ጀምሮ ፈጣኑን የእርጅና ተቀናሽ (የመኪናውን ማርጀት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዝቶ የሚቀንሰውን) የወሰደ ግን በዚያ መኪና ወደ ሬቱ አይመለስም። በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) የተያዘ መኪና ላይ ሬቱን የመረጠ ሊዙ እስኪያልቅ በዚያው ይቀጥላል።

መኪናው ሲሸጥ የሚመጣውን ብዙ ሰው አያስበውም። ከ2025ቱ 70 ሳንቲም ውስጥ 33ቱ የእርጅና ተቀናሽ ነው። በ24,000 ዶላር ገዝቶ ለሥራ ብቻ 30,000 ማይል የነዳበት መኪና በታክስ ዓይን 9,900 ወርዶ 14,100 ላይ ነው። በ17,000 ሲሸጠው ከስሬያለሁ ይላል፤ ለአይአርኤስ ግን 2,900 ዶላር አትርፏል፣ ታክስም ይከፍልበታል።