«ትከሻው ወለቀ» ሲባል የትኛው?
ኮምቦልቻ ላይ ከጭነት መኪና የወደቀ ሰው ክንዱን ደግፎ ሲመጣ ሁሉም «ትከሻው ወለቀ» ይላል። ቃሉ ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳቶችን ይሸፍናል። አንደኛው የክንድ አጥንት ክብ ራስ ከጎድጓዳው ሲወጣ ነው። ጎድጓዳው ጥልቀት የለውም፤ ሎሚ በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማኖር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ይወልቃል፤ የትከሻው ክብነት ጠፍቶ ጫፉ ሹል ይመስላል። በሁለተኛው ጉዳት ግን ክንዱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ከአንገት ሥር የሚመጣውን አጥንት ከትከሻ ጫፍ ጋር ያሰረው ጅማት ተበጥሶ አጥንቱ ጉብ ብሏል። (ጅማትም ያው ነው፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም በአንድ ስም እንጠራለን።) ወጌሻ ስቦ «መለስኩት» የሚለው የመጀመሪያውን ነው። እሱም ቢሆን በብብት በኩል የሚያልፉ ነርቮችና የደም ሥር አሉበት፤ አጥንቱም አብሮ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ከመሳቡ በፊት ራጅ የሚያዝዘው ለዚህ ነው።